ለአሮጌው ፒክአፕ የትኛው ራዲያተር?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





በምሥረታ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርት ግብይትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ወደ ግቢው ስትገቡ ከመጋዘኑ ጎን ቆሞ ያያችሁት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ከፒክአፑም ዕቃዎች መካከል አንዱ፣ ራዲያተሩ ነው። «ራዲያተር ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አባል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ይህን ዕቃ ለመምረጥ የተደረገው ክርክር ከአንድ ግዥ አልፎ የአባላት ገንዘብ እንዴት መውጣት እንዳለበት ያስተማረ በመሆኑ፣ በዚህ ቀን ቢነገር ይጠቅማል ተብሎ ታምኖበታል።

ፒክአፑና ታሪኩ

ፒክአፑ ኤችጄ 75 በሚል መለያ የሚታወቀው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። 70 የሚል ስያሜ የተሰጠው የላንድክሩዘር ዝርያ ለገበያ የወጣው በ1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኤችጄ 75 ደግሞ 2ኤች የሚባለውን የናፍጣ ሞተር ይዞ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ተመርቷል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና 3,980 ሲሲ ያለው፣ ተርቦ ያልተገጠመለት፣ ኮምፒውተርም የማያውቅ ነው። በመሆኑም በአነስተኛ ጋራዥ ተፈትቶ እዚያው የሚገጠም፣ ለአገራችን መንገድ የተስማማ መኪና ሆኖ ኖሯል።

ለዩኒየኑ የሰጠው አገልግሎትም በመዝገብ ብቻ የሚለካ አይደለም። ምርጥ ዘር ለቀበሌ ማኅበራት አድርሷል፤ የጤፍና የስንዴ ናሙና ወደ ገበያ ወስዷል፤ ኦዲተርና የኅብረት ሥራ ባለሙያ አመላልሷል። በክረምት ሌላ መኪና በማይገባበት ጭቃ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰበት ቀንም አለ።

ይህ መኪና የቆመው በታኅሣሥ፣ ውቂያ በደራበት ወቅት ነው። ከአባይ በረሃ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። ሾፌሩ ጭነቱን ለማድረስ ስለቸኮለ ትንሽ ይበቃዋል ብሎ ነዳ፤ በመጨረሻ እንፋሎቱ በኮፈኑ ሥር ሲወጣ ቆመ፤ ከዚያም በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረበት። ቴስታታው ተሰነጠቀ። መኪናው ተጎትቶ ገባ፤ ከመጋዘኑ ጎን ቆሞም ክረምትና በጋ ተፈራረቀበት።

በኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። የራዲያተሩ ፊት በገለባና በእብቅ ተደፍኗል። ከቱቦዎቹ ብዙዎቹ በየጊዜው ሲያፈሱ እየተጣጠፉ በብየዳ ተዘግተዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ አቁሟል። ሦስቱም በርካሽ ሊታረሙ የሚችሉ ነገሮች ነበሩ። የሞተሩ ጥገና ሂሳብ ሲመጣ ግን የአንድ ክዳን ዋጋ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር እንደ ጨው ቁንጥር የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች አባባል በመኪናም ይሠራል።

ጠቅላላ ጉባኤው መኪናው በሐራጅ ከሚሸጥ ታድሶ ወደ ሥራ ይመለስ ብሎ ከወሰነ በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ ተሠራ፤ ቴስታታው ተለወጠ፤ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ ታደሱ። በመጨረሻ የቀረው ራዲያተሩ ነበር። ክርክሩ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው።

ራዲያተር ምን ይሠራል?

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ናፍጣ ኃይል ውስጥ ጎማ ወደ ማዞር የሚሄደው ከፊሉ ብቻ ነው። ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ በግምት ከአራት እጅ አንዱ እስከ ሦስት እጅ አንዱ የሚሆነው ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ ወደሚዞረው ውሃ ይገባል። ራዲያተሩ ይህን ሙቀት ከውሃው ተቀብሎ ለአየር ያስረክባል። ሙቅ ውሃ ከላይኛው ታንክ ተነሥቶ በቀጫጭን ቱቦዎች ይወርዳል፤ በቱቦዎቹ መካከል የተደረደሩት ስስ ክንፎች ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣሉ፤ የቀዘቀዘው ውሃ ከታች ወጥቶ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቱቦዎቹንና ክንፎቹን የያዘውን መካከለኛ ክፍል ባለሙያዎች ኮር ይሉታል።

እንግዲህ ራዲያተር ሲመረጥ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ውሃው በቂ መንገድ አለው ወይ? አየሩስ በቂ መንገድ አለው ወይ? ብረቱ በዚህ መንገድ ንዝረት ስንት ዓመት ይቆያል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

የከፍታው ነገር

ራዲያተር በባሕር ጠረፍና በደጋ እኩል አይሠራም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ባለ ከተማ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። ሽሮ ለማብሰል በደጋ ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ በደጋ ውሃው የሚፈላው ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ነው ማለት ነው።

ጤነኛ ክዳን ይህን ይለውጠዋል። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን በውስጥ ግፊት ስለሚይዝ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ንጹሕ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በአንዳንድ ክዳኖች ላይ 88፣ በሌሎቹ ላይ 13 የሚል ይጻፋል፤ መለኪያው ይለያይ እንጂ ሦስቱም ቁጥሮች የሚያመለክቱት ተቀራራቢ ግፊት ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብሎ 0.9 በነበረበት ላይ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ክዳን መግጠም አሮጌ ብየዳንና ማኒኮቶን ያፈነዳል።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ የአየሩ መሳሳት ነው። በ2,400 ሜትር ላይ ያለ አየር ከባሕር ጠረፉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው አየር ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክስም። ከደጀን ወደ አባይ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን በተግባር ያውቀዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ተወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ከታች የበረሃው ሙቀት፣ ከላይ የአየሩ መሳሳት፣ በመካከሉ በዝቅተኛ ማርሽ የሚለፋ ሞተር አለ። ለዚህ አገር የሚገዛ ራዲያተር በዚህ ዳገት መመዘን አለበት።

የቀረቡት አማራጮች

ለግዥ ኮሚቴው አራት አማራጮች ቀረቡ።

የመጀመሪያው ከሶማሌ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ራዲያተር ነበር። ዋጋው ቀላል ነው፤ ልኩም በትክክል ይገኛል። ችግሩ የውስጡ አለመታየት ነው። ውጪው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያማረ ቢሆንም፣ ቱቦዎቹ በዝገትና በኖራ መሰል ደለል ተደፍነው ሊሆኑ ይችላሉ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ቢያንስ የላይኛውን አፍ በውሃ ሞልቶ በታችኛው በኩል በኃይል መፍሰሱን ማየት፣ የላይኛውን አፍ በባትሪ መመልከትና የተዘጉ ቱቦዎችን መቁጠር ይኖርበታል። ከመቶ ቱቦ አሥሩ ከተዘጉ ከራዲያተሩ ከአሥር እጅ አንዱ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮሩ አልሙኒየም፣ ታንኮቹ ፕላስቲክ የሆነ አዲስ ራዲያተር ነበር። በፕሮፎርማው ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ይህ ነው። ይህ ዓይነቱ ዛሬ በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ላይ የሚገጠም፣ ቀላልና ጥሩ የሚያቀዘቅዝ ነው። ፕላስቲኩ ከአልሙኒየሙ ጋር የሚያያዘው በመካከሉ ጎማ ተደርጎ ጠርዙ በመታጠፍ ነው። ለአስፋልት ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ በጠጠርና በድንጋይ መንገድ ሲንቀጠቀጥና ሻሲው ሲጠመዘዝ ግን ጠርዙ ያፈሳል፤ ፕላስቲኩም በሙቀት ብዛት አርጅቶ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ የሚበየድ አይደለም።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ አልሙኒየም የሆነ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ራዲያተር ነበር። የጥገና ክፍሉ ወጣት ባለሙያዎች የወደዱት ይህን ነው፤ ምክንያትም ነበራቸው። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አልሙኒየምን ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ቢበልጥም፣ የአልሙኒየም ቱቦ ሰፊ ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችልና ክንፉ ከቱቦው ጋር በቀጥታ ስለሚዋሐድ ጥሩ የአልሙኒየም ራዲያተር ከመዳቡ አያንስም፤ ክብደቱም ቀላል ነው። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ከውስጥ ስለሚበላው ሁልጊዜ ጥራት ያለው ኩላንት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሲቀደድ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ ባለሙያ በትልልቅ ከተሞች ይገኛል፤ በወረዳ ከተማ ግን በቀላሉ አይገኝም።

አራተኛው የመኪናውን የራሱን ራዲያተር ፈትቶ የነሐስ ታንኮቹንና የጎን ብረቶቹን ማስቀረት፣ ኮሩን ግን በአዲስ የመዳብና የነሐስ ኮር መለወጥ ነበር። ዋጋው ከሁለተኛው ይበልጣል፤ ከሦስተኛው ያንሳል። ከባድ ነው፤ በእርሳስና በቆርቆሮ የተበየደው መጋጠሚያም ደካማ ጎኑ ነው። ነገር ግን ማሰሪያው፣ የቧንቧው አፍና የክዳኑ መቀመጫ ፋብሪካው የሠራቸው ስለሆኑ ያለ ምንም ቅጥያ በቦታው ይገባል። በየትኛውም ከተማ የብየዳ ብረት የሚያሞቅ ራዲያተር ሠሪ በግማሽ ቀን ይጠግነዋል።

ስም ሳይሆን ሜትር

በክርክሩ መካከል ሌላ ስህተት ሊፈጸም ነበር። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ለላንድክሩዘር ፒክአፕ ይሆናል ብሎ ያመጣው ራዲያተር ለሌላ ሞተር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ፒክአፑ በስም አንድ ቢሆንም ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ሞተር ተገጥሞለታል፤ ሞተር ሲለይ ደግሞ የቧንቧው አቅጣጫና የኮሩ ልክ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ራዲያተር በመኪናው ስም አይገዛም፤ በሜትር ተለክቶ ይገዛል።

መለካት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ የኮሩ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት፤ የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ አፍ ስፋትና በየትኛው ጎን እንደሚገኝ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት፤ የክዳኑ አንገት ዓይነት፤ የውሃ ማፍሰሻው ቦታ፤ በመጨረሻም በኮሩና በፋኑ ምላስ መካከል ያለው ክፍተት። ይህ የመጨረሻው ሲዘነጋ ወፍራም ኮር ተገዝቶ ፋኑ ሊበላው ይችላል።

የውፍረቱ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ነበረው። «ሦስት ረድፍ ቱቦ ጥሩ ከሆነ አራት ረድፍ የተሻለ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱ ሁልጊዜ አዎን አይደለም። የኋለኛው ረድፍ የሚያገኘው አየር በፊተኞቹ ረድፎች የሞቀ ስለሆነ አራተኛው የሚጨምረው ከሌሎቹ ያነሰ ነው፤ አየሩ አልፎ ለመሄድም ይበልጥ ይቸገራል። ክንፎቹን በጣም ማቀራረብም እንዲሁ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ14 በላይ ክንፍ ያለው ኮር በንጹሕ አስፋልት ላይ ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ በውቂያ ወቅት ግን የጤፍ እብቅ ገብቶበት በአንድ ሳምንት ይደፈናል። ከ10 እስከ 12 ክንፍ ያለው ደግሞ በቀላሉ ይጸዳል። በመሆኑም ለዚህ ፒክአፕ ባለ ሦስት ረድፍ፣ ክንፎቹ የተራራቁ ኮር ተመረጠ።

ውሳኔው እንዴት ተወሰነ?

ግዥ ኮሚቴው በመጀመሪያ ዝቅተኛውን ዋጋ ለመምረጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን በማድረጉ የሚወቀስ አይደለም፤ የአባላትን ገንዘብ መቆጠብ ኃላፊነቱ ነው፤ ኦዲተርም የሚጠይቀው እሱን ነው። ችግሩ የተጠየቀው ፕሮፎርማ «የላንድክሩዘር ራዲያተር ብዛት 1» የሚል ብቻ መሆኑ ነበር። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ፕላስቲኩም፣ አልሙኒየሙም፣ መዳቡም እኩል ይቆጠራሉ፤ የሚለያቸው ዋጋ ብቻ ይሆናል።

በመሆኑም ጥያቄው ተሰርዞ እንደገና ተጻፈ። የኮሩ ልክ፣ የረድፉ ብዛት፣ የብረቱ ዓይነት፣ በግፊት ተፈትኖ መቅረብ እንዳለበትና የስንት ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጥ ተዘረዘረ። ከዚያ በኋላ ከቀረቡት መካከል ዝቅተኛው ዋጋ ተመረጠ። ደንቡም ተከበረ፤ ዕቃውም ትክክለኛው ሆነ። ዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ መመዘኛ የሚሆነው የሚነጻጸሩት ዕቃዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ መሆኑን ኮሚቴው በተግባር አየ።

ራዲያተር ብቻውን አያቀዘቅዝም

አዲሱ ኮር የተበየደለት ራዲያተር ተገጠመ፤ ፒክአፑም 8 ኩንታል ተጭኖ ወደ አባይ ለፈተና ወረደ። ቁልቁለቱን በሰላም ጨረሰ። በመልሱ ዳገት ግማሽ ላይ ግን የሙቀቱ ቀስት ከተለመደው ቦታ አልፎ መውጣት ጀመረ።

የዚያን ቀን መሪውን የያዘው ነባሩ ሾፌር፣ ያኔ ቴስታታው ሲሰነጠቅ የነበረው ሰው ነው። ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጉልበት አዞረው፤ ከዚያ አጠፋና ኮፈኑን ከፈተ። አብሮት የነበረው ወጣት መካኒክ ጨርቅ ይዞ ወደ ክዳኑ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ክዳኑን ልክፈተውና ውሃውን ልየው?»

«ተው ልጄ! ያን ጊዜ በችኮላ ስንት እንደተከፈለ አየህ አይደል? ይብረድ። ዛሬ የሚጠብቀን ጭነት የለም።»

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ክዳኑ ሲከፈት ውሃው አልጎደለም። ፒክአፑም ቀስ ብሎ ወደ ግቢ ተመለሰ። ወሬው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ «ርካሹን ብንገዛ ይሻል ነበር» የሚሉም፣ «አልሙኒየሙን ብላችሁ ብትሰሙን» የሚሉም ነበሩ።

ጥፋቱ ግን የራዲያተሩ አልነበረም። በፋኑ ዙሪያ ሊኖር የሚገባው ከለላ ሞተሩ ሲፈታ ወጥቶ፣ ተሰብሯል ተብሎ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ቀርቶ ነበር። ይህ ከለላ ተራ ጌጥ የሚመስለው ብዙ ነው። ሥራው ፋኑ የሚስበው አየር በሙሉ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ማስገደድ ነው። ከለላው ከሌለ ፋኑ የሚስበው ከጎን ያለውን አየር ነው፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ ስለሚረዳው አይታወቅም፤ በዳገት ቀስ ሲል ግን ይጋለጣል። የከተማው ባለሙያ ከላሜራ ቆርጦ በልኩ ሠራለት። ቺንጋውም ላልቶ ስለተገኘ ተወጠረ። በሁለተኛው ፈተና በዚያው ጭነት፣ በዚያው ዳገት፣ ቀስቱ ከመሐል ንቅንቅ ሳይል ደጀን ገባ።

ይህ የሆነው ሌሎች መኪናና ወፍጮ ላላቸው ማኅበራት ትምህርት እንዲሆን የሚከተሉትን ማስታወስ ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ ራዲያተር ሲለወጥ ክዳኑ፣ ማኒኮቶዎቹና ቴርሞስታቱ አብረው ይለወጡ፤ የውሃ ፓምፑም ይፈተሽ።

ሁለተኛ፣ መኪና ሞቀ ተብሎ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል ልማድ ሆኗል፤ ይህ መታረም ይኖርበታል። ሞተር ሳይሞቅ ሲሠራ ናፍጣ ይፈጃል፤ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ከፊሉ ሙቅ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ ሙቀቱ ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ፣ በተለይም ማዕድን የሚበዛበት እንደ ስምጥ ሸለቆው ያለ ውሃ፣ በጀበና ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ደለል ቱቦ ውስጥ ይተዋል። የተጣራ ውሃ ካልተገኘ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ኩላንት ሲገዛም ለመዳብና ለብየዳ ተስማሚ መሆኑ በዕቃው ላይ መጻፉ ይታይ።

አራተኛ፣ የሚያፈስ ራዲያተርን በበርበሬ፣ በእንቁላል ወይም በዱቄት መድፈን ከመንገድ ለመውጣት ካልሆነ በቀር አይበጅም። ቀዳዳውን የደፈነው ነገር ጤነኛውንም ቱቦ ይደፍናል።

አምስተኛ፣ በውቂያ ወቅት የራዲያተሩ ፊት በየቀኑ ይታይ። ሲጸዳም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በአየር ወይም በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይሁን፤ ከፊት ወደ ኋላ መግፋት እብቁን ይበልጥ ያስገባዋል። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ክንፉን ያጣጥፋል።

ስድስተኛ፣ ከሞተር የወጣ ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃን፣ ውሻና ጥጃ ይቀምሰዋል። በግቢ ውስጥ አይፈሰስ፤ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ።

ሰባተኛና ከሁሉም የሚበልጠው፣ የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመር። ሾፌር ስለዘገየ የሚወቀስበት መሥሪያ ቤት ሞተሩን ያጣል። ቀስቱ ሲወጣ እንዲቆም የተፈቀደለት፣ ቆሞም የማይጠየቅ ሾፌር የማኅበሩን ንብረት ይጠብቃል። ይህን መመሪያ አድርጎ ማውጣት የሥራ አመራር ቦርዶች ድርሻ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

አንድ አሮጌ ፒክአፕ ታድሶ ሲነሣ ማየት ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ የዚህ መኪና ትርጉም በቀለሙ ማማር አይደለም። ያ ፒክአፕ በታኅሣሥ ሲቆም የቆመው ብረት ብቻ አልነበረም፤ ዘር የሚጠብቅ ማኅበር፣ ናሙና የሚጠብቅ ገዥ፣ ሐኪም የምትጠብቅ እናት አብረው ቆመዋል። የቆሙበትም ምክንያት ጎማው የደረቀ አንድ ክዳን፣ እብቅ የሞላው አንድ የራዲያተር ፊትና «ይበቃዋል» የሚል አንድ ቃል ነበር።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት የሁሉም ነው ሲባል የማንም እንዳልሆነ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ባለቤት እንዳለው የሚታወቀው ግን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚለካው፣ ርካሹን ከመምረጡ በፊት ምን እንደሚያስፈልግ የሚጽፈው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ይህ በራዲያተር ላይ የታየ ልማድ በማዳበሪያ መጋዘን፣ በእህል ሚዛን፣ በወፍጮና በትራክተር ግዥም ሊደገም ይገባል።

በዓሉ ሲያበቃ ፒክአፑ ከጎተራው ጎን ዘር ይጭናል። ወደ ቀበሌያችሁ ሲደርስ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ራዲያተሩን ብታዩ መብታችሁ ነው፤ የተገዛው በእናንተ ገንዘብ ነው። ክዳኑን ግን ሳይበርድ እንዳትከፍቱ።

መልካም የምሥረታ በዓል ለሁላችሁም ይሁን!